አንድ ቃል፣ ብዙ ፕሮሰሰር፦ የከርነልን የቡት አማራጮች ወደ አንድ ቦታ ማምጣት

ሊኑክስ ከርነል ሲነሳ ከቡትሎደሩ (ማሽኑ ሲበራ ከርነሉን ከሚጭነው ፕሮግራም) አንድ መስመር ጽሑፍ ይቀበላል። ኮማንድ ላይን እንለዋለን። በክፍት ቦታ የተነጣጠሉ ቃላት ናቸው፤ «ኳየት»፣ «ሩት=»፣ «ኮንሶል=» የመሳሰሉት። ለተጠቃሚው ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ቃሉን ይጽፋል፣ ማሽኑ ይታዘዛል።

ኮዱን ለሚጠብቅ ሰው ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ነው። ያው አንድ ቃል በኤክስ86 ፎልደር ውስጥ አንድ ፈንክሽን ያነበዋል። በአርም64 ሌላ ያነበዋል። በኤስ390 ደግሞ ሌላ። እነዚህ የፕሮሰሰር ዓይነቶች ናቸው፣ በከርነሉ አነጋገር አርክቴክቸሮች። ፈንክሽኖቹ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ከአንድ ቦታ የተቀዱ ናቸው። ከዚያ እያንዳንዱ በየፊናው ተቀየረ። አንዱ የስህተት መልእክት ያወጣል፣ ሌላው ዝም ይላል። አንዱ «ኦን» የሚለውን ይቀበላል፣ ሌላው 1 ካልተጻፈለት አይገባውም።

ይህ መመሪያ እንዲህ የተበታተነን አማራጭ ወደ ጋራው ኮድ (ሁሉም አርክቴክቸሮች ወደሚጋሩት ክፍል) እንዴት እንደምታመጡት ያሳያል። ሲ ማንበብ የምትችሉና ከርነል ኮምፓይል አድርጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ይበቃል። የፈንክሽኖቹንና የአማራጮቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮዱ ውስጥ ስትፈልጓቸው በላቲን ፊደል ፈልጓቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፣ የቀረው ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ። ቃሉን ማንበብና ማሽኑ ያንን ነገር ይችላል ወይ ብሎ መመለስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ማንበቡ የጋራው ኮድ ድርሻ ነው። መልሱን መስጠት የአርክቴክቸሩ ድርሻ ነው። ኮዱን ስትከፍቱት ብዙውን ጊዜ ሁለቱን በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ተጣብቀው ታገኟቸዋላችሁ። የእናንተ ሥራ ማላቀቅ ነው።

ደረጃ 1፦ መስመሩ የሚሄድበትን መንገድ እወቁ

መስመሩ ወደ ከርነሉ የሚገባበት በር እንደ ማሽኑ ይለያያል። በኤክስ86 ቡትሎደሩ «ቡት_ፓራምስ» በሚባለው ስትራክት በኩል አድራሻውን ያቀብላል። ዲቫይስ ትሪ (የማሽኑን ክፍሎች የሚዘረዝር ዳታ) በሚጠቀሙ ማሽኖች ላይ «ቾዝን» በሚባለው ኖድ ሥር «ቡትአርግስ» ተብሎ ተቀምጦ ይመጣል። ከየትም ቢመጣ በመጨረሻ የሚያርፈው «ቡት_ኮማንድ_ላይን» በሚባል ባፈር ላይ ነው። የባፈሩ ስፋት እንኳ አንድ አይደለም። በኤክስ86ና በአርም64 2048 ባይት ነው። በ32 ቢቱ አርም 1024። የራሱን ያልወሰነ አርክቴክቸር ከጋራው ኮድ የሚያገኘው 512 ነው። ስለዚህ ረጅም ስም ያለው አዲስ አማራጭ ከማውጣታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ሁለት ጊዜ ይነበባል። የመጀመሪያው ንባብ «ፓርስ_ኧርሊ_ፓራም» የሚባለው ነው። በ«ኧርሊ_ፓራም» ማክሮ የተመዘገቡትን ብቻ ይፈልጋል። ሁለተኛው ንባብ ዘግየት ብሎ በ«ስታርት_ከርነል» ውስጥ ይመጣል፤ በ«ሴትአፕ» ማክሮ የተመዘገቡትንና የሞጁል ፓራሜትሮችን ያስተናግዳል።

እዚህ ጋ ልብ በሉ። የመጀመሪያው ንባብ የሚካሄድበት ሰዓት በየአርክቴክቸሩ የተለያየ ነው። ብዙዎቹ አርክቴክቸሮች «ሴትአፕ_አርች» ውስጥ ራሳቸው ቀድመው ይጠሩታል፤ የሜሞሪ ገደብን የመሰለ ነገር ቶሎ ማወቅ ስለሚፈልጉ። ፈንክሽኑ አንዴ መሠራቱን ይመዘግባል፣ በጋራው ኮድ ውስጥ ዳግም ሲጠራ ምንም ሳይሠራ ይመለሳል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። አንድ የእናንተ ፈንክሽን በአንዱ ማሽን ላይ ብዙ ነገር ከተዘጋጀ በኋላ ይሮጣል፣ በሌላው ላይ ምንም ሳይዘጋጅ። የጋራ ኮድ ስትጽፉ መለኪያችሁ በጣም ቀድሞ የሚጠራው አርክቴክቸር ነው።

ከሁለቱም በፊት የሚያነብ ሦስተኛ ዓይነት ኮድ አለ። ኤክስ86 «ሲኤምዲላይን_ፋይንድ_ኦፕሽን» የሚል የራሱ ፈንክሽን አለው። ፓወርፒሲ ኦፕን ፈርምዌር ገና ማሽኑን እንደያዘ በሚሮጠው «ፕሮም_ኢኒት» ውስጥ ያነባል። ኤስ390 የታመቀው ከርነል ገና ከመፈታቱ በፊት የሚያየው ቃል አለ። አርም64ም የፕሮሰሰሩን መለያ ሬጅስተሮች ለመሻር እንዲሁ ቀድሞ ያነባል። እነዚህን ለመጀመሪያ ሥራችሁ አትንኳቸው። እዚያ የተጻፉት በስንፍና አይደለም። በዚያ ሰዓት የጋራው ኮድ ሊሮጥ ስለማይችል ነው።

ደረጃ 2፦ ቆጠራ

በ«አርች» ፎልደር ውስጥ «ኧርሊ_ፓራም» እና «ሴትአፕ» የሚሉትን በጊት ግሬፕ ፈልጉ። የመረጣችሁትን አማራጭ በየአርክቴክቸሩ ያሉ አንባቢዎች ሁሉ አውጡ። ከዚያ ወረቀት ያዙ። እኔ ይህን ሥራ እስክሪን ላይ ሞክሬው አልሆነልኝም፣ ጎን ለጎን ካላየሁት አንድ ነገር ያመልጠኛል።

ለእያንዳንዱ አርክቴክቸር አምስት ነገር ጻፉ። ቃሉ በትክክል እንዴት ይጻፋል? ምን ምን ዋጋ ይቀበላል? የማይገባው ዋጋ ሲመጣ ምን ያደርጋል? በየትኛው ንባብ ነው የሚያዘው? ምንም ሳይጻፍ ሲቀርስ? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ይረሳዋል። አንዱ አርክቴክቸር ነገሩ በርቶ ይነሳል፣ ሌላው ጠፍቶ። ቃሉን ብቻ አይታችሁ ካዋሃዳችሁ አንዱን ወገን ሳታውቁ ትቀይሩታላችሁ።

ስለ አጻጻፉ አንድ የሚያቀል ነገር አለ። ከርነሉ የአማራጭ ስም ሲያወዳድር ሰረዝንና የታች ሰረዝን እኩል ያያቸዋል። ስለዚህ በዚያ ብቻ የሚለያዩ ስሞች ለእናንተ አንድ ናቸው።

አሁን ዋናውን ጥያቄ ጠይቁ። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ነው ወይ የሚሉት?

«ሜም=» ጥሩ ምሳሌ ነው። በኤክስ86 «ሜም=512ኤም» ካላችሁ ከዚያ አድራሻ በላይ ያለውን ሜሞሪ አትንካ ማለት ነው። በ32 ቢቱ አርም ግን መጠኑን ከመነሻ አድራሻ ጋር አብራችሁ መስጠት ትችላላችሁ፤ ያን ጊዜ ሜሞሪው ከዚህ ይጀምራል ብላችሁ ማሽኑን እየነገራችሁት ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ጥያቄው ሁለት። ይህን ለማዋሃድ መሞከር ሰው ማሽን ላይ ችግር ማስቀመጥ ነው። ተዉት።

ተቃራኒውም አለ። የፔጅ ቴብል መለያየትን (የከርነሉንና የፕሮግራሞችን የሜሞሪ ካርታ የሚነጥለውን መከላከያ) ለማጥፋት በኤክስ86ና በፓወርፒሲ «ኖፒቲአይ» ይጻፋል፣ በአርም64 «ኬፒቲአይ=0»። ስፔክተር ከሚባለው የፕሮሰሰር ቀዳዳ በኋላ ደግሞ ኤስ390 «ኖቢፒ=0» የሚል የራሱ ነበረው። ሁሉም ከፕሮሰሰር ቀዳዳ የሚጠብቁ መከላከያዎችን ስለማጥፋት ነው። ብዙ ዓይነት ማሽን የሚያስተዳድር ሰው አንድ ሐሳቡን በተለያየ ቋንቋ መናገር ነበረበት። በ2019 በ5.2 ከርነል «ሚቲጌሽንስ=» መጣ። «ሚቲጌሽንስ=ኦፍ» በኤክስ86፣ በፓወርፒሲ፣ በኤስ390 እና በአርም64 አንድ ዓይነት ፍላጎት ይገልጻል።

አሠራሩን ብታዩት በጣም ቀላል ነው። በጋራው ኮድ ውስጥ አንድ አጭር ፈንክሽን «ኦፍ»፣ «ኦቶ» ወይም «ኦቶ፣ኖኤስኤምቲ» የሚለውን አንብቦ አንድ ተለዋዋጭ ላይ ይጽፋል። ሌላ ምንም አያደርግም። አርክቴክቸሮቹ የመወሰኛ ሰዓታቸው ሲደርስ «ሲፒዩ_ሚቲጌሽንስ_ኦፍ» ብለው ይጠይቁታል። የቆዩት ቃላትም አልተሰረዙም፤ በየቦታቸው ይሠራሉ። እኔ ለዚህ ሥራ አርአያ የሚሆን ነገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው።

ደረጃ 3፦ ማላቀቅ

እንዴት እንደሚላቀቅ በቅርበት እንይ። «ሂዩጅፔጅስዝ=» የትልልቅ የሜሞሪ ገጾችን መጠን የሚመርጥ አማራጭ ነው። «ሂዩጅፔጅስዝ=2ኤም ሂዩጅፔጅስ=512» ስትሉ ባለ 2 ሜጋባይት ገጽ 512 አዘጋጅልኝ እያላችሁ ነው።

እስከ 2020 ድረስ ይህን ቃል ኤክስ86፣ አርም64፣ ፓወርፒሲ፣ ኤስ390፣ ስፓርክና ሪስክ-ቪ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ያነቡት ነበር። ስድስት ፈንክሽን፣ የአብዛኞቹም ስም አንድ፦ «ሴትአፕ_ሂዩጅፔጅስዝ»። የኤክስ86ቱ እንዲህ ይሄዳል። ጽሑፉን በ«ሜምፓርስ» ወደ ቁጥር ይለውጣል። ቁጥሩ 2 ሜጋ ከሆነ መጠኑን ይመዘግባል። 1 ጊጋ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ባለ 1 ጊጋ ገጽ ይችል እንደሆነ ያያል፣ ከቻለ ይመዘግባል። ሌላ ከሆነ መጠኑ አይደገፍም ብሎ መልእክት ያወጣል።

የአርም64ቱን ጎን ለጎን አስቀምጡት። ጽሑፉን በ«ሜምፓርስ» ወደ ቁጥር ይለውጣል። ቁጥሩን ከሚያውቃቸው መጠኖች ጋር ያወዳድራል። መሠረታዊው ገጽ 4 ኪሎባይት ሲሆን እነዚህ 64 ኪሎ፣ 2 ሜጋ፣ 32 ሜጋ እና 1 ጊጋ ናቸው። ካገኘው ይመዘግባል። ካላገኘው መልእክት ያወጣል።

የሚለያየው የቱ ነው? አንድ ነገር ብቻ። ይህን መጠን ትችላለህ ወይ? መለወጡ፣ መመዝገቡ፣ መልእክቱ፣ ሁሉም ቅጂ ነው።

በ5.8 የተደረገው ይህንኑ ማየት ነው። እያንዳንዱ አርክቴክቸር «አርች_ሂዩጅቲኤልቢ_ቫሊድ_ሳይዝ» የሚባል ፈንክሽን ተሰጠው። ቁጥር ይቀበላል፣ አዎ ወይም አይ ይመልሳል። ስትሪንግ አያይም። መልእክት አያወጣም። ንባቡ በሙሉ ወደ ሜሞሪው የጋራ ኮድ ሄደ። አንድ አርክቴክቸር የራሱን ካልጻፈ የጋራው መልስ ያገለግላል፤ መጠኑ ከተለመደው የትልቅ ገጽ መጠን ጋር እኩል ከሆነ አዎ፣ ካልሆነ አይ።

በራሳችሁ አማራጭ ላይ እንዲሁ አድርጉ። የየአርክቴክቸሩን ፈንክሽን አትማችሁ የሚመሳሰለውን መስመር ሁሉ በእርሳስ ሰርዙ። ያልተሰረዘው ነው የአርክቴክቸሩ። ያ ቀሪ ነገር በአንድ ጥያቄ ሊነገር ከቻለ ሥራው ተገኘ ማለት ነው። ሦስት አራት ጥያቄ ከወጣው ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ፤ ምናልባት የያዛችሁት «ሜም=»ን የመሰለ ነው።

ደረጃ 4፦ በየትኛው ንባብ ይያዝ?

ብዙ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

ሕጌ አጭር ነው። አማራጩ ሜሞሪ ሳይደለደል ወይም ኮንሶል ሳይከፈት መታወቅ ካለበት «ኧርሊ_ፓራም»። ካልሆነ «ሴትአፕ»። ሲያሻማችሁ ዘግየት የሚለውን ምረጡ።

ሁለቱ ግን በሰዓት ብቻ አይደለም የሚለያዩት። የሚመልሱት ቁጥር ተቃራኒ ነው። የ«ኧርሊ_ፓራም» ፈንክሽን ሁሉ ሰላም ሲሆን 0 ይመልሳል። ሌላ ከመለሰ ከርነሉ አማራጩ ተበላሽቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል። የ«ሴትአፕ» ፈንክሽን ደግሞ ቃሉ የኔ ነው ለማለት 1 ይመልሳል። 0 ከመለሰ ከርነሉ ባለቤት የለውም ብሎ ቃሉን ለኢኒት (ከርነሉ መጀመሪያ ለሚያስነሳው ፕሮግራም) ያስተላልፈዋል። የእኩል ምልክት ካለው የኢኒት ኢንቫይሮመንት ውስጥ ይገባል፣ ከሌለው አርጉመንት ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታዛውሩ መጀመሪያ የምትቀይሩት ይህን ቁጥር ይሁን። ዋጋው የተሳሳተ ቢሆን እንኳ የ«ሴትአፕ» ፈንክሽን ማስጠንቀቂያ አውጥቶ 1 ይመልስ። ቃሉ የእሱ ነው፣ የተሳሳተው ዋጋው ነው።

ስሙ የሚመዘገብበትም መንገድ ይለያያል። «ኧርሊ_ፓራም» ላይ ስሙ ያለ እኩል ምልክት ይጻፋል፣ ውድድሩም ሙሉ ስም ለሙሉ ስም ነው። የእኩል ምልክት ከጨመራችሁበት መቼም አይገጥምም፣ ኮምፓይለሩም ምንም አይላችሁም። «ሴትአፕ» ላይ ግን መነሻው ከገጠመ ይበቃል። «ፋስት» ብላችሁ ካስመዘገባችሁ «ፋስትቡት» የጻፈ ሰው ወደ እናንተ ይመጣል፣ «ቡት» የሚለውን ቀሪ ይዞ። ዋጋ የሚቀበል ከሆነ «ፋስት=» ብላችሁ አስመዝግቡት።

ቀጥሎ የባዶው ጉዳይ። ተጠቃሚው ቃሉን ያለ እኩል ምልክት ከጻፈው የ«ኧርሊ_ፓራም» ፈንክሽን የሚቀበለው ባዶ ስትሪንግ አይደለም። ኑል ፖይንተር ነው። ይህን በደንብ አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ የጻፍኩት ፈንክሽን የመጣለትን ስትሪንግ በቀጥታ ከ«ኦፍ» ጋር ያወዳድር ነበር። ሁልጊዜ ቴስት የማደርገው «=ኦፍ» ብዬ ነበር፣ ሁልጊዜም ሠራ። ከዚያ አንድ ሰው ቃሉን ለብቻው ጻፈው። ማሽኑ ቀጥ አለ። ኮንሶሉ ገና አልተከፈተምና እስክሪኑ ላይ አንድ ፊደል አልወጣም። ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ መፍትሔው ግን አንድ መስመር ነበር። የ«ኧርሊ_ፓራም» ፈንክሽናችሁ የመጀመሪያ መስመር የመጣለትን ፖይንተር መፈተሽ ይሁን።

ያንን ፖይንተር ይዛችሁም አትቆዩ። የመጀመሪያው ንባብ የሚካሄደው በጊዜያዊ ቅጂ ላይ ነው። ቅጂው ከርነሉ ተነስቶ ሲያበቃ ከሌላው የኢኒት ሜሞሪ ጋር ይለቀቃል። ጽሑፉ በኋላ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ወደ ራሳችሁ ባፈር ቅዱት።

ስታቲክ ኪም (ከርነሉ የራሱን ኮድ እያረመ የሚቀያይረው ማብሪያ ማጥፊያ) ሌላ ወጥመድ ነው። የጋራው ኮድ «ጀምፕ_ሌብል_ኢኒት»ን የሚጠራው በራሱ ሰዓት ነው። ንባቡን ቀድሞ የሚጠራ አርክቴክቸር ግን ያንንም ቀድሞ ካልጠራ፣ ስታቲክ ኪ የሚነካ ፈንክሽን ባልተዘጋጀ ነገር ላይ ይሠራል። ኤክስ86ና አርም64 አስቀድመው ይጠሩታል። ሌላውም እንደነሱ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ከዚህ ሁሉ የሚያድነኝ ልማድ አንድ ነው። ስታነቡ መዝግቡ እንጂ አትሥሩ። ፈንክሽኑ አንድ ተለዋዋጭ ላይ ይጻፍና ይውጣ። ሜሞሪ አይጠይቅ፣ ሬጅስተር አይንካ። ሥራው በኋላ በሰዓቱ ይሠራል። «ሚቲጌሽንስ=» የሚያደርገው በትክክል ይህንን ነው፣ ለዚህም ነው በየትኛውም አርክቴክቸር ላይ መቼም ቢጠራ ችግር የማይፈጥረው።

ደረጃ 5፦ የጋራውን አንባቢ መጻፍ

ፓርሰር ከዜሮ አትጻፉ። ለመጠን «ሜምፓርስ» አለ፤ ኬ፣ ኤም፣ ጂ የሚሉትን ቅጥያዎች ራሱ ይተረጉማል። ለአዎና ለአይ «ኬስትርቱቡል» አለ፤ 1ንም «ኦን»ንም፣ 0ንም «ኦፍ»ንም ያውቃል። በኮማ ለተለያዩ ቁጥሮች «ጌት_ኦፕሽንስ» አለ። የአርክቴክቸር ፎልደሮች ውስጥ እነዚህን የሚደግም በእጅ የተጻፈ ሉፕ ስታገኙ መጥፋቱ በራሱ ጥሩ ውጤት ነው።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። የቀድሞው አንባቢ ከእነዚህ ይበልጥ ልል ከነበረ፣ ለምሳሌ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አይቶ ይወስን ከነበረ፣ ያ ልልነት ሰዎች ማሽን ላይ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የቡት መስመር አንዴ ተጽፎ ለዓመታት የማይነካ ነገር ነው። የቆየውን አጻጻፍ አቆዩት።

ደረጃ 6፦ አርክቴክቸሩን ማገናኘት

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጋራውን መልስ ዊክ ፈንክሽን አድርጎ ማስቀመጥ ነው፣ አርክቴክቸሩ ሲፈልግ ይተካዋል። ሁለተኛው በኬኮንፊግ (የከርነሉ የኮምፓይል ምርጫዎች በሚወሰኑበት ሥርዓት) ምልክት ማስገባት ነው፣ ምልክቱን ያልመረጠ አርክቴክቸር ላይ ቃሉ ራሱ አይኖርም።

እኔ እንዲህ እመርጣለሁ። የጋራው መልስ የትም ቦታ እውነት ከሆነ ዊክ ይሁን። «ሂዩጅፔጅስዝ=» እንዲያ ነው፤ የተለመደው መጠን ሁልጊዜ ይደገፋል። የጋራው መልስ ግምት ከሆነ ግን ኬኮንፊግ ይሻላል። ቃሉን ተቀብሎ ምንም የማይሠራ ከርነል ተጠቃሚውን ያታልላል። መከላከያ አበራሁ ብሎ ያልበራለት ሰው ቃሉ አይታወቅም ከተባለ ሰው የባሰ ቦታ ላይ ነው ያለው።

ደረጃ 7፦ ሁለት ጊዜ ሲጻፍ

ብዙ ከርነሎች ኮምፓይል ሲደረጉ ውስጣቸው የተቀመጠ የቡት መስመር አላቸው። ያ መስመር ከቡትሎደሩ ጋር የሚቀላቀልበት ቅደም ተከተል አንድ አይደለም። ኤክስ86 የውስጡን ያስቀድማል፣ የቡትሎደሩን ያስከትላል። የዲቫይስ ትሪው የጋራ ኮድ ደግሞ «ኤክስቴንድ» ሲባል የቡትሎደሩን ያስቀድማል፣ የውስጡን ከኋላ ይቀጥላል።

በውስጡ መስመር «ፋስት=ኦን»፣ በቡትሎደሩ «ፋስት=ኦፍ» ተጽፏል እንበል። የመጨረሻው ያሸንፋል። በኤክስ86 አሸናፊው ቡትሎደሩ ነው። በዲቫይስ ትሪው መንገድ የውስጡ ነው። አንባቢያችሁ ፊደል በፊደል አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ተለያየ። ይህን በእናንተ ፓች ውስጥ ልታስተካክሉት አትሞክሩ፣ ሰፊ ጉዳይ ነው። የእናንተ ግዴታ ቃሉ ሁለቴ ሲመጣ የኋላው የፊቱን ሙሉ በሙሉ እንዲሽረው ማድረግ ነው። ሲበራ ባንዲራ አንስቶ ሲጠፋ የማያወርድ ፈንክሽን በብዛት አይቻለሁ። ሁለቱንም አቅጣጫ ጻፉ።

ደረጃ 8፦ ቴስት

ስድስት ዓይነት ማሽን አያስፈልጋችሁም። ኪውኢሙ የሚባለው ማሽን አስመሳይ ፕሮግራም ይበቃል። ለየአርክቴክቸሩ ክሮስ ኮምፓይለር ጫኑ፣ ዲፍኮንፊጉን ኮምፓይል አድርጉ፣ ከዚያ ኪውኢሙን በ«ከርነል» እና በ«አፔንድ» አማራጮቹ አስነሱት። «አፔንድ» ላይ የጻፋችሁት ኮማንድ ላይኑ ይሆናል። በአርም64 ኪውኢሙ ራሱ ዲቫይስ ትሪ ሠርቶ እዚያ ያስገባላችኋል። ቢያንስ ኤክስ86ን እና አንድ ዲቫይስ ትሪ የሚጠቀም ማሽን ሞክሩ።

ቀድመው የሚወጡ መልእክቶችን ለማየት በአርም64 «ኧርሊኮን» ጨምሩ፣ በኤክስ86 «ኧርሊፕሪንትኬ=ሲሪያል»። ያለነዚህ ቀድሞ የሚሞት ከርነል ምንም አይነግራችሁም።

በእያንዳንዱ ላይ ቃሉን ሳትጽፉ፣ በትክክለኛ ዋጋ፣ በማይረባ ዋጋ፣ ያለ እኩል ምልክት፣ እኩል ምልክት ጽፋችሁ ባዶ በመተው፣ እና ሁለት ጊዜ በተቃራኒ ዋጋ አስነሱ። ከተነሳ በኋላ «/ፕሮክ/ሲኤምዲላይን»ን አንብቡ፤ ከርነሉ የተቀበለው መስመር እንዳለ እዚያ አለ። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክቶች ዝርዝር) ውስጥ ደግሞ ያልታወቁ ፓራሜትሮች ለዩዘር ስፔስ ይተላለፋሉ የሚል መስመር ፈልጉ። የእናንተ ቃል እዚያ ውስጥ ካለ ፈንክሽናችሁ ከሚገባው 1 ይልቅ 0 መልሷል፣ ወይም ጭራሽ አልተመዘገበም።

ደረጃ 9፦ ፓቹን መቁረጥ

በመጀመሪያው ኮሚት ለየአርክቴክቸሩ ጥያቄውን የሚመልሰውን ፈንክሽን ጨምሩ፣ የቀድሞው አንባቢም እሱን እንዲጠራ አድርጉ። የሚቀየር ባሕርይ የለም። የአርክቴክቸሩ ባለቤት የሚያየው የራሱን ፎልደር ብቻ ነው፣ ለመስማማትም ይቀለዋል።

በሁለተኛው ኮሚት የጋራውን አንባቢ አስገቡና የቀድሞዎቹን በሙሉ አውጡ። ይህ በአንድ ላይ መሆን አለበት። ተከፋፍሎ ቢገባ መሐል ላይ ሁለት አንባቢ የተመዘገበበት ከርነል ይፈጠራል። በ«ኧርሊ_ፓራም» ሁለቱም ይጠራሉ። በ«ሴትአፕ» ደግሞ የኔ ነው ብሎ ቀድሞ የመለሰው ብቻ ይሠራል፣ ሌላው አይሰማም። ከወራት በኋላ በጊት ባይሴክት ስህተት የሚፈልግ ሰው እዚያ ኮሚት ላይ ሲያርፍ ከእውነቱ የሚያርቀው ነገር ይገጥመዋል።

በሦስተኛው መልእክቶቹን አስተካክሉ። በአራተኛው ዶክመንቱን። የከርነል ፓራሜትሮች ዝርዝር የሚባለው ፋይል ውስጥ በተወሰኑ አርክቴክቸሮች ላይ ብቻ ከሚሠራ ቃል ጎን አርክቴክቸሮቹ በቅንፍ ይጻፋሉ። የእናንተን ፈልጉ። ቃሉ አሁን ሁሉም ጋ የሚሠራ ከሆነ ቅንፉን አንሱት። የሚቀበላቸውን ዋጋዎች፣ ሳይጻፍ ሲቀር የሚሆነውን፣ እና የቆየው አጻጻፍ አሁንም እንደሚሠራ ጻፉበት። ከዚያ በ«አርች» ፎልደር ውስጥ በጊት ግሬፕ ቃሉን አንዴ ፈልጉት። አንባቢ ከተገኘ ገና አልጨረሳችሁም።